የጾታ ሆርሞኖች በጤንነትና በበሽታ ላይ ያላቸው ሥራ

መግቢያ

የአገራችን ገበሬ ስለ ጾታ ሆርሞን ከመጽሐፍ ሳይማር በሥራው ያወቀው ብዙ ነገር አለ። ወይፈኑ ሲኰላሽ ቍጣው በርዶ ለቀንበር ይገራል፤ ፍየሉም ሙክት ሲሆን ይሰባል፤ ጠረኑም ይጠፋል። ይህ ሁሉ ለውጥ የሚመጣው ከእንስሳው ገላ አንድ ትንሽ ክፍል ሥራውን ስላቆመ ነው። ታዲያ ያ ትንሽ ክፍል ከርሱ ርቀው የሚገኙትን አንገትን፣ ሥጋንና ጠባይን በምን መንገድ ሊያዝ ቻለ? የዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈለግ የተገኘው ዕውቀት ዛሬ ከሕክምና ትምህርት ትልልቅ ክፍሎች አንዱ ሆኗል።

ይህን ጉዳይ የመረጥሁት ለዕውቀት ብቻ ብዬ አይደለም። ልጅ ያልወለደች ሚስት ባልዋ ሳይመረመር ጥፋተኛ ትባላለች። ያረጠች እናት ሌሊት በላብ ስትጠመቅና ወገብዋ ሲጐብጥ «ዕርጅና ነው» ተብላ ትተዋለች። በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት በኀፍረት ትደብቀዋለች። ጡንቻው እንዲፈረጥም የቸኰለ ወጣት ደግሞ ምንነቱን የማያውቀውን መድኃኒት ይወጋል። የእነዚህ የአራቱ ሰዎች ችግር ከጾታ ሆርሞኖች ሥራ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፣ የነገሩን አካሄድ በተቻለ መጠን ግልጥ አድርጌ ለአንባቢዎች ለማቅረብ እሞክራለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. ሆርሞኖቹ እንዴት ታወቁ?

በ1849 ዓ. ም. በጀርመን አገር በጌቲንገን ከተማ አርኖልድ በርቶልድ የተባሉ መምህር በ6 ወጣት አውራ ዶሮዎች ላይ ፈተና አደረጉ። የዘር ፍሬያቸው ፈጽሞ የወጣባቸው ዶሮዎች በራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ሟሸሸ፤ መጮኽና መዋጋትም ተዉ። በሆዳቸው ውስጥ የዘር ፍሬ መልሶ የተተከለላቸው ግን እንደ ማናቸውም አውራ ዶሮ ጮኹ፣ ተዋጉ፣ ሴቶቹንም ተከተሉ። በርቶልድ ዶሮዎቹን አርደው ሲመለከቱ የተተከለው ፍሬ አዲስ የደም ሥር አብቅሎ ነበር፤ ከቀድሞው ነርቭ ጋራ ግን አልተያያዘም። ስለዚህ ትእዛዙ ወደ ሌላው ሰውነት የሚደርሰው በደም አማካይነት መሆኑን ተረዱ።

ከ40 ዓመት በኋላ በ1889 ዓ. ም. የ72 ዓመት ሽማግሌ የነበሩት ሻርል ብራውን ሴካር ከውሻና ከሌላ እንስሳ የዘር ፍሬ የተጨመቀ ውሃ ራሳቸውን ወግተው «ጕልበቴ ተመለሰ» ሲሉ በፓሪስ ለሊቃውንት ጉባኤ ተናገሩ። ወሬው በዓለም ተሰማ፤ ብዙ ሰውም ያንን ጭማቂ መግዛት ጀመረ። ነገር ግን የወንድ ሆርሞን በስብ እንጂ በውሃ በደንብ ስለማይሟሟ በጭማቂው ውስጥ የነበረው ሆርሞን ከምንም የማይቈጠር ነበር። ጕልበት የመሰላቸው ነገር ከተስፋ የመጣ ነው። ይህ ታሪክ ዛሬም ሊዘነጋ አይገባውም፤ ምክንያቱም «ወጣትነትን ይመልሳል» እየተባለ የሚሸጥ ነገር ከዚያ ወዲህም አልጠፋም።

«ሆርሞን» የሚለውን ቃል በ1905 ዓ. ም. ያወጡት የሎንዶኑ ሊቅ ኧርነስት ስታርሊንግ ናቸው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ ትርጕሙ «አነሣሣለሁ» ማለት ነው። በ1929 ዓ. ም. በአሜሪካ ኤድዋርድ ዶይዚ፣ በጀርመን ደግሞ አዶልፍ ቡተናንት፣ ሁለቱም በየበኩላቸው ኢስትሮን የተባለውን የሴት ሆርሞን ከነፍሰ ጡሮች ሽንት አነጠሩ። ቡተናንት በ1931 ዓ. ም. ከወንድ ሽንት አንድሮስቴሮን የተባለውን ሆርሞን ባገኙ ጊዜ 15 ሚሊግራም ለሚያህል ነገር ወደ 15,000 ሊትር ሽንት አስፈልጓቸዋል። በ1935 ዓ. ም. ደግሞ በአምስተርዳም ኧርነስት ላኰርና ረዳቶቻቸው ከኮርማ የዘር ፍሬ ቴስቶስቴሮንን አወጡ። አንባቢ ከዚህ ሊገነዘበው የሚገባው ዋና ነገር የመጠኑ ማነስ ነው። በዓይን የማይታይ ያህል ጥቂት የሆነ ነገር ሙሉ አካልን ይለውጣል፤ መጠኑ ሲዛነፍ የሚያደርሰው ጕዳትም በዚያው ልክ ከፍ ያለ ነው።

2. እንዴት ይሠራሉ?

የጾታ ሆርሞኖች በሦስት ይከፈላሉ፤ እነርሱም ኢስትሮጅን፣ ፕሮጀስተሮንና አንድሮጅን ናቸው። ከአንድሮጅኖች ዋናው ቴስቶስቴሮን ነው። ሦስቱም ወገኖች የሚሠሩት ኮሌስተሮል ከተባለው የስብ ዓይነት ነው። የሚመነጩትም በአብዛኛው በሴት እንቍላል ከሚያዘጋጁት ዕጢዎች፣ በወንድ ከዘር ፍሬ ሲሆን፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎችም ጥቂት ድርሻ አላቸው።

በተለምዶ ኢስትሮጅን የሴት፣ ቴስቶስቴሮን የወንድ ይባላል እንጂ ሁለቱም በሁለቱም ጾታ ውስጥ ይገኛሉ። የሚለየው መጠናቸው ነው። እንዲያውም ኢስትሮጅን የሚሠራው ከአንድሮጅን ስለ ሆነ የሴቲቱ አካል አስቀድሞ «የወንድ» የተባለውን ሆርሞን ሳይሠራ የራሱን ሊሠራ አይችልም።

ሆርሞን በደም አማካይነት በመላው ገላ ይዞራል፤ ይሁን እንጂ ሁሉንም ክፍል እኩል አያዝም። ቍልፍ የራሱን በር ብቻ እንደሚከፍት ሁሉ ሆርሞንም የሚሠራው ለርሱ የተዘጋጀ ተቀባይ ባለበት ሕዋስ ውስጥ ነው። ማሕፀን፣ ጡት፣ አጥንት፣ አንጐልና የደም ሥር የኢስትሮጅን ተቀባይ አላቸው። ይህን የተቀባይ ነገር በ1950ዎቹ መጨረሻ በቺካጎ ኤልውድ ጄንሰን በምርመራ አሳዩ።

የምርቱን መጠን የሚቈጣጠረው አንጐል ነው። ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጐል ክፍል ፒቱታሪ ለተባለችው ዕጢ ያዛል፤ የዚህችም ክብደት ግማሽ ግራም ያህል ነው። ፒቱታሪም ለዘር ዕጢዎች ታዛለች። ጐተራው ሲሞላ አጫጁ እንደሚያርፍ፣ በደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ሲበቃ አንጐል ትእዛዙን ይቀንሳል። ይህን ሥርዐት ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ ስለ መድኃኒት ስንናገር እንመለስበታለንና።

3. በጤናማ አካል ውስጥ

ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን መድረስ፣ የወር አበባ፣ እርግዝናና የዘር መመንጨት ሁሉ የእነዚህ ሆርሞኖች ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ለአጥንት ያላቸውን ጥቅም ነው። በ1994 ዓ. ም. በአሜሪካ ስለ አንድ የ28 ዓመት ሰው የተጻፈ የሕክምና ዘገባ ይህን በግልጥ ያስረዳል። የሰውየው ቴስቶስቴሮን በቂ ነበር፤ ነገር ግን በተፈጥሮ ጕድለት ምክንያት የኢስትሮጅን ተቀባዩ አይሠራም ነበር። ቁመቱ 204 ሴንቲሜትር ደርሶ ገና ያድግ ነበር፤ አጥንቱም ሳስቶ ነበር። ከዚህ የተነሣ የወንድን አጥንት እድገት የሚዘጋውና ጥንካሬውንም የሚጠብቀው በዋናው ኢስትሮጅን መሆኑ ታወቀ።

4. ሚዛኑ ሲዛባ

ሴት ወደ 50 ዓመት ገደማ ስትደርስ የእንቍላል ዕጢዎችዋ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ኢስትሮጅንም እጅግ ይቀንሳል። ድንገተኛ የሰውነት ሙቀት፣ የሌሊት ላብ፣ የእንቅልፍ ማጣትና የብልት መድረቅ ከዚህ ይመጣሉ። አጥንትም ሁልጊዜ የሚፈርስና የሚታነጽ ሕያው ነገር ስለ ሆነ፣ ፍርስራሹን የሚገታው ኢስትሮጅን ሲጐድል ከሚታነጸው የሚፈርሰው ይበልጣል። ይህን በ1941 ዓ. ም. ያስተዋሉት የቦስተኑ ሐኪም ፉለር ኦልብራይት ናቸው። እንግዲህ የእናቲቱ ወገብ መጕበጥና በቀላል መውደቅ የዳሌዋ መሰበር በዕድሜ ብዛት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ሊመረመርና ሊታከም የሚችል ምክንያት አለው።

በወጣት ሴቶች ዘንድ ደግሞ የአንድሮጅን መብዛት የታወቀ ችግር ነው። በ1935 ዓ. ም. ስታይንና ለቨንታል የተባሉ የቺካጎ ሐኪሞች የወር አበባቸው የሚዘገይ፣ ፀጕር በፊታቸው የሚበቅልና መፅነስ የሚቸግራቸው ሴቶች የእንቍላል ዕጢያቸው ተለውጦ እንዳገኙት ጻፉ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው ይህ ሕመም ለመውለድ በደረሰ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ100 ከ8 እስከ 13 የሚሆኑትን ይይዛል፤ አብዛኞቹም ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም።

ወንዶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። በ1942 ዓ. ም. ሃሪ ክላይንፌልተር ከባልደረቦቻቸው ጋራ የገለጡት ሕመም አንድ ትርፍ የኤክስ ክሮሞሶም ይዘው በሚወለዱ ወንዶች ላይ ይታያል። የዘር ፍሬያቸው ትንሽ ይሆናል፤ ቴስቶስቴሮናቸው ያንሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ዘር አያመነጩም። ሰውየው መልኩ ወንድ፣ ኑሮውም እንደ ማንም ሰው ስለ ሆነ ችግሩ የሚታወቀው ልጅ ሲጠፋ ነው። ከዚህም በቀር የወንዱን ዘር የሚያሳንሱ ብዙ ምክንያቶች አሉ። ልጅ ካጡ ባልና ሚስት መካከል ግማሽ በሚያህሉት የባልየውም ድርሻ ይገኛል። ስለዚህ ሚስትን ብቻ መርምሮ፣ ይልቁንም ምንም ሳይመረምሩ እርስዋን ፈትቶ ሌላ ማግባት ከፍርድም ከዕውቀትም የራቀ ነው።

5. ሆርሞንና ካንሰር

በ1896 ዓ. ም. የግላስጎው ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን የጡት ካንሰር የጸናባቸውን ሴቶች የእንቍላል ዕጢ በቀዶ ሕክምና ሲያወጡ እብጠቱ እንደሚቀንስ ገለጡ። በ1941 ዓ. ም. ደግሞ ቻርልስ ሀጊንስ የፕሮስቴት ካንሰር የያዛቸው ወንዶች የዘር ፍሬያቸው ሲወጣ ወይም ኢስትሮጅን ሲሰጣቸው እንደሚሻላቸው አሳዩ፤ በዚህም ሥራቸው በ1966 ዓ. ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከሁለቱ ሥራ የተገኘው ትምህርት አንዳንድ ካንሰር የሚያድገው በሆርሞን ርዳታ ስለ ሆነ፣ ያ ርዳታ ሲቋረጥበት እንደሚዳከም ነው።

ዛሬ ለዚህ ሁልጊዜ ዕጢ ማውጣት አያስፈልግም። ታሞክሲፈን የተባለው መድኃኒት በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር ለእርግዝና መከላከያ ተብሎ ተሠርቶ ለዚያ ሳይጠቅም ቀረ፤ ነገር ግን በጡት ሕዋስ ውስጥ የኢስትሮጅንን ቦታ ቀድሞ ስለሚይዝ በ1970ዎቹ የጡት ካንሰር መድኃኒት ሆነ። በዓለም ላይ ከሚታዩት የጡት ካንሰሮች ከ100 ወደ 70 የሚሆኑት የኢስትሮጅን ተቀባይ ስላላቸው በዚህ ዓይነት ሕክምና ሊጠቀሙ ይችላሉ። በኢትዮጵያም የጡት ካንሰር በሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ዋናው ነው። እብጠቱ ገና ትንሽ ሳለ ለሐኪም የታየ እንደ ሆነ የመዳን ተስፋው ሰፊ ነው፤ በኀፍረት የተደበቀ እንደ ሆነ ግን መድኃኒቱም ኀይሉን ያጣል።

6. መድኃኒት ሲሆኑ

ሆርሞን በቦታው ሲሰጥ ታላቅ መድኃኒት ነው። በአገራችን በመርፌና በክንድ ቆዳ ሥር በሚቀበር ዘንግ የሚሰጡት የእርግዝና መከላከያዎች በፕሮጀስተሮን ዓይነት መድኃኒት የሚሠሩ ናቸው። ከቦታው ሲወጣ ግን ሆርሞን ምን ያህል እንደሚጐዳ ሦስት ምሳሌዎች ላቅርብ።

አንደኛ፤ በ1938 ዓ. ም. በሎንዶን ቻርልስ ዶድስ ዳይኢትልስቲልቤስትሮል የተባለ ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን አወጡ። ይህም ፅንስ እንዳያስወርድ እየተባለ ለብዙ ነፍሰ ጡሮች ተሰጠ። በ1953 ዓ. ም. በቺካጎ የተደረገ ምርመራ ለዚህ ጕዳይ ምንም እንደማይጠቅም ቢያሳይም መስጠቱ አልቆመም። በ1971 ዓ. ም. የቦስተን ሐኪሞች በወጣት ሴቶች ላይ እምብዛም የማይታይ የብልት ካንሰር በ8 ልጃገረዶች ላይ አግኝተው ሲጠይቁ፣ የ7ቱ እናቶች ይህን መድኃኒት በእርግዝናቸው ጊዜ ወስደው ነበር። እናት የዋጠችው ነገር በልጅዋ ላይ ከ15 ዓመት በላይ ቈይቶ ተገለጠ ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ ያረጡ ሴቶች ኢስትሮጅን ቢወስዱ ልባቸው ይጠበቃል ተብሎ ለብዙ ዓመት ታምኖ ነበር። በአሜሪካ በ16,608 ሴቶች ላይ የተደረገው ምርመራ ግን በ2002 ዓ. ም. ከጊዜው በፊት ቆመ። ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን በአንድነት ከወሰዱት መካከል በየዓመቱ ከ10,000 ሴቶች 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር፣ 7 ተጨማሪ የልብ ሕመም፣ 8 ተጨማሪ የአንጐል ደም ሥር አደጋ ሲታይ፣ የዳሌ ስብራት ግን በ5 ቀነሰ። በኋላ ነገሩ እንደ ገና ሲመረመር ከ60 ዓመት በታች ለሆኑና ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው፣ ሙቀቱና ላቡ ለጸናባቸው ጤነኛ ሴቶች ጥቅሙ ከጕዳቱ ሊበልጥ እንደሚችል ታወቀ። እንግዲህ መድኃኒቱ ለሁሉ አይሰጥም፤ ከሁሉም አይከለከልም፤ እያንዳንዲቱ ሴት ከሐኪምዋ ጋራ ልትመክርበት የሚገባ ነገር ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ወጣቱ። ከላይ እንዳልነው አንጐል በደም ውስጥ በቂ ሆርሞን ሲያይ ትእዛዙን ያቆማል። ከውጭ ቴስቶስቴሮን የሚወጋ ጤነኛ ወጣትም አንጐሉ «ጐተራው ሞልቷል» ይላል፤ የዘር ፍሬውም ሥራ ፈትቶ ይሟሽሻል፤ ዘሩም ይጠፋል። የተወሰደው ሲቆም ወደ ቀድሞው ለመመለስ ብዙ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ደሙም ይወፍራል፤ ልቡም ይጐዳል። ወንድነት እንዲጨመርለት ብሎ የወሰደው ነገር አባት እንዳይሆን ሊያደርገው ይችላል።

ማጠቃለያ

በአጭሩ ለመናገር፣ የጾታ ሆርሞኖች ዘርን ብቻ ሳይሆን አጥንትን፣ ልብን፣ አንጐልንም የሚያገለግሉ ጥቂት መጠን ያላቸው መልእክተኞች ናቸው። ማነሳቸውም መብዛታቸውም በሽታ ነው። ሥራቸውን ማወቅ የካንሰርን ሕክምና ለውጧል፤ አለማወቅ ወይም የታወቀውን ቸል ማለት ደግሞ የእናትን ስሕተት በልጅ ላይ አሳርፏል።

ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀረው ሥራ ከባድ አይደለም። ልጅ ያጡ ዘመዶቻችንን ሁለታችሁም ተመርመሩ እንበል፤ እናቶቻችንን ስለ ላባቸውና ስለ አጥንታቸው ሳናፍር እንጠይቅ፤ እኅቶቻችን ጡታቸው ላይ ያገኙትን እብጠት እንዳይደብቁ እናሳስብ፤ ባልንጀራችንም ከማያውቀው ሰው የገዛውን መርፌ ከመወጋቱ በፊት እጁን እንያዘው። ስለዚህ ነገር በግልጥ መነጋገር ነውር ሆኖ ሳለ የሚጐዳው ዝም ያለው ሰው ነውና።