ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው?

መገናኛም ሆነ ኮተቤ፣ ከቢሮ ዕቃ ግምጃ ቤት አሮጌ አይቢኤም 5150 ከወጣ፣ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት መርምሩት። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ማሽን የመጀመሪያው 16 ኪሎባይት ራም ከተበላሸ ድምፅም ጽሑፍም ሳይሰጥ ይቆማል። መመርመሪያ ሮም፣ ማለትም የፍተሻ ፕሮግራም የተጫነበት ቺፕ፣ የሚደርስልን እዚህ ላይ ነው።

1. የ5 እና የ12 ቮልት መስመሮችን በቴስተር ለኩ።
2. የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅላችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ዩ33 በሚባለው ሶኬት ያለውን የባዮስ ቺፕ በጥንቃቄ አውጡ።
3. በቦታው የሱፐርሶፍት ላንድማርክ ሮም የተጫነበትን ቺፕ አስገቡ። ሶኬቱ 24 እግር፣ 2764 ቺፕ ደግሞ 28 እግር ስለሆነ አዳፕተር ያስፈልጋል። የቺፑ ጎድጓዳ ምልክት አቅጣጫውን ይጠብቅ።

ገመዱን መልሳችሁ ስታበሩት በቺፑ ላይ ያለው ፕሮግራም ራም ሳያስፈልገው ሥራ ይጀምራል፤ ክፍሎቹን በየተራ ፈትሾ ውጤቱን ስክሪን ላይ ያሳያል። አሁንም ዝም ካለ ፕሮሰሰሩንና ቪዲዮ ካርዱን ጠርጥሩ። በግምት ቺፕ አትቀያይሩ፤ መጀመሪያ መርምሩ።