ተጨማሪ መረጃ፦ ከንፈርና ላንቃ ሳይገጥሙ ሲቀሩ

በወልድያና በመርሳ መካከል፣ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። እዚያ ከሚጠኑት ሰብሎች አንዱ ማሽላ ነው። አንድ የማሽላ ዝርያ በአንዱ ማሳ ሰምሮ በሌላው ሊደክም እንደሚችል ታውቃላችሁ፤ ዘሩም አፈሩም ድርሻ አላቸው። የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅም እንዲሁ ነው፤ ዘረመልም አካባቢም ድርሻ አላቸው።

የፅንስ ፊት የሚሠራው ከግራና ከቀኝ መጥተው መሐል ላይ ከሚጋጠሙ ክፍሎች ነው። የላይኛው ከንፈር እስከ 7ኛው ሳምንት፣ ላንቃ (የአፍ ጣሪያ) ደግሞ እስከ 9ኛው ሳምንት ገደማ ይገጥማል። ግጥሚያው ሳይሟላ ሲቀር ሕፃኑ ከነስንጥቁ ይወለዳል። ብዙ እናቶች ግጥሚያው በሚካሄድበት ጊዜ ማርገዛቸውን እንኳ ገና እርግጠኛ አይሆኑም፤ እነሱን መውቀስ ትልቅ በደል ነው።

አይአርኤፍ6 የተባለው ዘረመል (ጂን) ሲለወጥ ስንጥቁ በቤተሰብ ሊተላለፍ ይችላል። ከኢትዮጵያ፣ ከጋናና ከናይጄሪያ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ የተሠራና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ከላንቃ መሰንጠቅ ጋር የተያያዙ አዳዲስ የዘረመል ሥፍራዎችን አግኝቷል። በአካባቢያዊ ምክንያቶች በኩል ሲጋራ፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችና ከእርግዝና በፊት የነበረ የስኳር በሽታ ይጠቀሳሉ። መድኃኒት የምትወስድ ሴት ግን ሐኪም ሳታማክር ማቋረጥ የለባትም። ስንጥቁ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል።

ሞክሩ፦ ምላሳችሁን በላንቃችሁ መሐል ከፊት ወደ ኋላ አንሸራትቱ። የምትነኳት ቀጭን መስመር ሁለቱ ወገኖች የተጋጠሙባት ናት።