መሰንቆውና ገበያው

በደብረ ማርቆስ ወይም በዙሪያዋ ባለ አንድ ቤት መሰንቆ የሚመታ ልጅ ቢኖርና «ዘፈኔን በገዛ ራሴ አስቀርጬ በኢንተርኔት ልሽጥ» ብሎ ለአባቱ ቢነግረው፥ አባትየው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ይገዛሃል?» ብሎ ይመስለናል። ጥያቄው የንቀት አይደለም። የማስቀረጫው ገንዘብ የሚወጣው ከጤፉ ወይም ከወይፈኑ ሽያጭ ይሆናልና፥ እናትየውም የዓመቱን ቀለብ ታስባለች። ስለዚህ ይኸንኑ ጥያቄ ከቤተ ሰቡ ጋር ተቀምጠን ልንመረምረው ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የጎጃም አዝማሪ ገበያውን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ወደ ሠርጉ ቤት ገብቶ የባለቤቱን ስም ያነሣል፤ አድማጩ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ ሽልማቱም እዚያው ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ነገር ግን ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርጉ ስለሚቆም፥ ለ55 ቀናት ገቢው ይነጥፋል። የተቀረጸ ዘፈን ግን ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ እንኳ ይሸጣል፤ ጉድለቱ የገዢው ፊት አለመታየቱ ነው።

ያለ ትልቅ ድርጅት ድጋፍ በራስ ገንዘብ ዘፈን ማውጣት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በመንግሥት ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፥ አቶ አምኃ እሸቴ የተባሉ ወጣት በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትመው አዲስ አበባ ላይ ሸጡ። እስር ሊያመጣባቸው ይችል የነበረ ድፍረት ነው። እስከ 1975 ድረስም ከመቶ በላይ ሸክላዎች አወጡ።

ወደ ጎጃም የሚያቀርበን ግን የአቶ ኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት አቶ ኃይሉ፥ በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያው ቀሩ። በ1985 ብቻቸውን ሆነው፥ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር አዋሕደው አንድ ካሴት ቀረጹ። ካሴቱ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ፤ ከዚያም ተረሳ። እሳቸውም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ኖሩ። ጣታቸው እንዳይደነዝዝ ኪቦርዳቸውን በመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ይዘው፥ በአውሮፕላን ማረፊያው ተራ ሲጠብቁ እያወጡ ይለማመዱ ነበር።

በ2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል፥ የአፍሪካን የቆዩ ካሴቶች የሚሰበስብ አሜሪካዊ ባሕር ዳር መጣ። (ካሴቱ በተቀረጸበት ዘመን ባሕር ዳር በጎጃም ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች።) በዚያም ከአሮጌ ካሴቶች መካከል ይኸንኑ አገኘ። የካሴቱ ርእስ ራሱ የሠሪውን ስም ይዞ ስለ ነበር፥ አፈላልጎ በስልክ አገኛቸው። ሥራቸው በዚያው ዓመት በሸክላና በኢንተርኔት እንደ ገና ወጣ፤ እሳቸውም በአውሮጳና በአሜሪካ መድረኮች ላይ እንደ ገና ቆሙ። በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጡ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሥራው ጥሩ ሆኖ ሳለ ገዢ ያጣው፥ አድማጩና ባለቤቱ የሚገናኙበት መንገድ ስላልነበረ ነው ብለን እናምናለን።

ዛሬ መንገዱ አለ፤ ቀረጡ ግን ቀላል አይደለም። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል ከሚያስቀምጣቸው መስፈርቶች አንዱ ቢያንስ 1,000 ተከታዮችና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 የመታየት ሰዓት ማግኘት ነው። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ፥ በዓመት 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ምንም አይከፍልም። ባንድካምፕ በተባለው ገበያ አድማጩ ዘፈኑን በዋጋ ይገዛል፤ ድርጅቱም ከሽያጩ 15 በመቶ ያህል ይወስዳል። በአገር ውስጥ ደግሞ ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በ2019 «አውታር» የተባለውን በስልክ ዘፈን መሸጫ ከፍተው ነበር፤ ኤልያስ በዚያው ዓመት ማረፉ ያሳዝናል።

እንግዲህ ለዚያ አባት የምንመልስለት ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ገዢ ማንነቱ ያልታወቀ የዓለም ሕዝብ ሳይሆን፥ ከአገሩ ርቆ የጎጃምን እስክስታ የሚናፍቅ የአካባቢው ተወላጅ ነው። ልጁ ወይፈኑን አሸጦ አሥር ዘፈን ከሚያስቀርጽ፥ አንዱን በደንብ ቀርጾ ለእነዚያ ዘመዶች ቢያሰማ ይሻለዋል። ማስታወቂያውንም በገንዘብ ከመግዛት፥ የዘፈኑን ጥቂት ክፍል መሰንቆውን ሲመታ በሚያሳይ አጭር ምስል ቢያቀርብ እንመርጣለን።

አንድ ነገር ግን ሳይጻፍ አይደር። ግጥሙን ማን ሰጠ? ዜማውን ማን ሠራ? ማሲንቆ መቺውና ከበሮ መቺው ስንት ይደርሳቸዋል? በ2004 የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲው ዕድሜውን ሙሉ፥ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት መብት ይሰጣል። ገንዘብ ከመጣ በኋላ የሚነሣ ጠብ ወንድማማቾችን ይለያያል፤ ያለ ወረቀት ደግሞ ሽማግሌም ለመዳኘት ይቸገራል። ሠርግ ቀርቶ መሰንቆው ግድግዳ ላይ በሚሰቀልበት በዚያ የጾም ወራት፥ ይኸንን ወረቀት ለመጻፍ ጊዜ ይገኛል።