ከፊደል ቆጠራ ወደ ንባብ፦ አንደኛ ክፍል በልጅ አእምሮ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት በአንደኛ ክፍል መስኮት አጠገብ ያለፈ ሰው ዜማውን ያውቀዋል። መምህሯ በመጠቆሚያ እንጨት የፊደል ገበታውን እየነኩ ይመራሉ፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» እያሉ ይቀበላሉ። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ገበታውን ከላይ እስከ ታች ሳይደናቀፍ የሚወርድ ልጅ አይጠፋም፤ ወላጅም «ልጄ ፊደል ጨረሰ» ይላል። ይህንኑ ልጅ «ቤ»ን ብቻዋን ወረቀት ላይ ጽፈው ቢያሳዩት ግን ከ«በ» ተነስቶ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ» እያለ በጣቱ ካልቆጠረ ላይደርስባት ይችላል። ያወቀው ዜማውን ነው፤ ፊደሏን ገና አላወቃትም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች አንደኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ናቸው። ታዲያ በዚያ የመጀመሪያ ዓመት በልጅ አእምሮ ውስጥ ምን መከናወን ነበረበት?

ለንባብ ያልተፈጠረ አእምሮ

ልጅ መናገርን ማንም ሳያስተምረው ከቤተሰቡ እየሰማ ይለምዳል። ንባብ እንዲህ አይደለም። ጽሑፍ ከተፈለሰፈ ከአምስት ሺህ ዓመት ብዙም አይበልጥም፤ የሰው አእምሮ ለንባብ ብቻ የሚያገለግል ክፍል በተፈጥሮ ለማዳበር ይህ ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ ለሌላ ሥራ የተዘጋጀውን የአእምሮውን ክፍል ለፊደል ማዋል አለበት። ይህን ሐሳብ በስፋት ያብራሩት ስታኒስላስ ዴሃን የተባሉ ፈረንሳዊ የነርቭ ሳይንስ ሊቅ ናቸው።

እሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ለውጡን ገና ሲጀምር ለመያዝ ሞክረዋል። አሥር የስድስት ዓመት ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊትና በትምህርት ዓመቱ ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ በኤምአርአይ መሣሪያ ታዩ። በመሣሪያው ውስጥ ሳሉ የሰው ፊት፣ ቤት፣ የሥራ ዕቃ፣ የሰውነት ክፍል፣ ቁጥርና ቃል የሚያሳዩ ሥዕሎች ይቀርቡላቸው ነበር። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለጽሑፍ ተለይቶ የሚሠራ ቦታ አልነበራቸውም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የፊደልና የድምፅ ዕውቀታቸው በፍጥነት ሲያድግ ግን በግራው የአእምሮ ክፍል ከታች ወደ ኋላ በኩል ለቃል የሚነቃ ቦታ ብቅ አለ። ያ ሥፍራ ከዚያ በፊት ጠንካራ ሥራ ያልነበረው፣ ለሥራ ዕቃዎች ሥዕል በመጠኑ ብቻ ምላሽ ይሰጥ የነበረ ነው። ፊትን የሚለየው አጎራባች ቦታ አልተነጠቀም።

አእምሮ እንዲህ ቦታ የሚያመቻቸው ግን እያንዳንዱ ፊደል ከድምፁ ጋር ደጋግሞ ሲገናኝለት ነው። አፉ ዜማውን እያለ ዓይኑ ኮርኒስ ላይ የሚንከራተት ልጅ ይህን ግንኙነት አያገኝም።

«ባ» እና «ቦ» ለምን ይምታታሉ?

የማየት ችሎታችን ከፊደል በፊት የለመደው ሌላ ደንብ ነበር። አንድ ፍየል ወደ ቀኝ ቢያይም ወደ ግራ ቢያይም ያው ፍየል ነው። የልጅ ዓይንም ቀኝና ግራ የተገለበጡ ቅርጾችን እንደ አንድ ነገር መቁጠርን ቀድሞ ያውቃል። አንደኛ ክፍል ሲገባ ግን ቀኝ እግሩ የረዘመው «ባ» እና ግራ እግሩ የረዘመው «ቦ» ሁለት የተለያዩ ድምፆች መሆናቸው ይነገረዋል። «ሳ» እና «ሶ»ም እንዲሁ። በመስታወት እንደታየ አድርጎ መጻፍና እነዚህን ማምታታት በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ የስንፍና ወይም የማስተዋል ጉድለት ምልክት አይደለም። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠቅመው የኖረውን ደንብ ለፊደል ሲል ብቻ እንዲተወው ነው የተጠየቀው፤ ያ ደግሞ ልምምድ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የእጅ ጽሑፍ ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የካሪን ጄምስ ጥናት ማንበብ ያልጀመሩ የአምስት ዓመት ልጆች ፊደላትን በሦስት መንገድ ተለማመዱ፤ ራሳቸው በእጃቸው በመጻፍ፣ የተሠራ መስመር በመከተልና በኪቦርድ በመምታት። ከዚያ ፊደላቱን ሲያዩ የንባብ የአእምሮ ክፍሎች በይበልጥ የነቁት ራሳቸው በእጃቸው በጻፏቸው ፊደላት ላይ ነበር። የልጅ እጅ የሚጽፈው ፊደል አንዴ ይጣመማል፣ አንዴ ይተልቃል። አእምሮ ከዚህ ልዩነት መካከል «ባ»ን «ባ» የሚያሰኘው ምን እንደሆነ ይለያል። የጠመኔና የሰሌዳ ልምምድ፣ መሬት ላይ በጣት መጻፍም ጭምር፣ ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

የፊደላችን ጥቅምና ዕዳ

ማንበብ በዓይን ብቻ አይሠራም፤ ጆሮም ቃልን መበታተን መቻል አለበት። ኢዛቤል ሊበርማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት የታወቀ ሙከራ፣ ልጆች የሰሙትን ቃል ጠረጴዛ በመምታት እንዲቆጥሩ ተጠየቁ። ከአራት ዓመት ልጆች ግማሽ ያህሉ ቃሉን በክፍለ ቃል ሊከፍሉት ቻሉ፤ በነጠላ ድምፅ መክፈል ግን አንዳቸውም አልቻሉም። አንደኛ ክፍል ሲያጠናቅቁ በክፍለ ቃል መክፈል የቻሉት 90 በመቶ፣ በነጠላ ድምፅ መክፈል የቻሉት 70 በመቶ ደረሱ።

ለአማርኛ ተማሪ ይህ መልካም ዜና ነው። በላቲን ፊደል የሚማር ልጅ ከመጀመሪያው ነጠላ ድምፅን መለየት ይጠበቅበታል፤ የእኛ ፊደል ግን ተነባቢንና አናባቢን አንድ ላይ ይዞ «ባ»፣ «ሉ»፣ «ሚ» ብሎ ይመጣል። ጆሮ ቀድሞ ከሚያውቀው ክፍለ ቃል ጋር ይገጥማል። ደግሞም ፊደሉ በአብዛኛው ለድምፁ ታማኝ ነው። የዚህ ታማኝነት ዋጋ በአውሮፓ ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ንጽጽር አንደኛ ክፍልን የሚጨርሱ የፊንላንድ ልጆች የተለመዱ ቃላትን 98 በመቶ በትክክል ሲያነቡ፣ በእንግሊዝኛ የሚማሩት የስኮትላንድ ልጆች 34 በመቶ ላይ ነበሩ። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከአነጋገሩ መራቁ አንዱ ዋና ምክንያት ነው።

ዕዳው ብዛቱ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ» ደግሞ አንድ ድምፅ ይጋራሉ። በሕንድ በሚነገረው በካናዳ (Kannada) ቋንቋ ላይ ሶናሊ ናግ ያደረጉት ጥናት እንዳሳየው፣ እንዲህ ያለ ብዙ ምልክት ያለውን ጽሕፈት የሚማሩ ልጆች ምልክቶቹን መማራቸው ከአንደኛ ክፍል አልፎ እስከ አራተኛ ክፍል ይዘልቃል። ስለዚህ ሙሉ ገበታውን በጥቂት ወራት መጨረስ ሳይሆን፣ በጥቂት ፊደላት ፈጥኖ ቃል ማንበብ መጀመር ይሻላል። «በ፣ ላ፣ ም፣ ት» ብቻ የሚያውቅ ልጅ «ላም»ን፣ «በላ»ን፣ «ላት»ን ማንበብ ይችላል።

ብዛቱን የሚያቀልል መንገድም ገበታው ውስጥ አለ። ካዕብ ብዙውን ጊዜ በቀኝ ጎን ወገቡ ላይ ጭረት ይይዛል፤ ሣልስ ግርጌው ላይ፤ ኃምስ ደግሞ በቀለበት ይታወቃል። ሳድስና ሳብዕ ከደንብ ያፈነግጣሉ። ይህ ስልት በግልጽ የተነገረው ልጅ 231 የተለያዩ ቅርጾችን አይሸመድድም፤ ሠላሳ ሦስት ቤተሰቦችንና ጥቂት ደንቦችን ይይዛል፣ አፈንጋጮቹን ለይቶ ያጠናል።

ሳድስ የሚያመጣው ፈተና

ገበታውን የለየ ልጅ ቀጥሎ የሚገጥመው ሳድስ ነው። ገበታው ላይ እያንዳንዱ ሳድስ ራሱን ችሎ ይጠራል። «ትምህርት» የሚለውን ቃል እንዲህ ካነበበው «ት… ም… ህ… ር… ት» ብሎ አምስት ጊዜ ይቆማል። በአፍ ሲነገር ግን ቃሉ ሁለት ክፍለ ቃል ብቻ ነው፦ «ትም-ህርት»። የትኛው ሳድስ አናባቢ እንዳለው፣ የትኛው ከፊተኛው ጋር እንደሚጣበቅ ጽሑፉ አይነግረውም። ጥብቀትም እንዲሁ ነው፤ «ገና አልመጣም» እና «የገና በዓል» አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ልጁ ፊደላቱን ካገጣጠመ በኋላ «ይህ የማውቀው የትኛው ቃል ነው?» ብሎ ከሚናገረው ቋንቋ ውስጥ መፈለግ አለበት።

ለዚህ ፍለጋ የሚያስፈልገው የአጭር ጊዜ ትውስታ ደግሞ ጠባብ ነው። እየተንገታገተ የሚያነብ ልጅ በእፍኙ ውሃ ይዞ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ከመድረሱ በፊት ይፈስበታል። አምስተኛው ፊደል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ጠፍቶታል፤ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። ፊደልን ሳያስቡ የመለየት ፍጥነት የሚፈለገው ለዚህ ነው። መለየቱ ያለ ጥረት ሲሆን አእምሮ ለትርጉሙ ነፃ ይሆናል።

የቄስ ትምህርት ቤት ዜማ ብቻውን እንደማይበቃ ቀድሞ ተረድቶ ነበር ማለት ይቻላል። ተማሪው ፊደል ቆጥሮ ሲጨርስ በቀጥታ ወደ ምንባብ አይሄድም፤ አቡጊዳ ይጠብቀዋል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» በየፊደሉ ቤተሰቡንም ተራውንም ይቀይራል፤ በ«ሀ ሁ» ዜማ ተደግፎ መገመት አይቻልም። ከዚያ በኋላ ነው ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ በስተመጨረሻም ወደ ዳዊት የሚደረሰው። በዛሬው ክፍልም የኅብረት ዜማው ለጅምር ይጠቅማል፤ ደካማውን ልጅ ግን በጎበዞቹ ድምፅ ውስጥ ይሸሽገዋል። ተራው ተቀላቅሎ እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን ካልተጠየቀ ማን እንዳነበበ፣ ማን እንዳስተጋባ አይለይም።

መቀመጥም ይማሯል

አንደኛ ክፍል ከፊደልና ከቁጥር ሌላ የሚያስተምረው ነገር አለ። በጀርመን ጋርቪን ብሮድና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ተቀራራቢ የሆኑ ልጆችን አነጻጽረው ነበር፤ አንዳንዶቹ የመግቢያውን የዕድሜ ገደብ ስላሟሉ አንደኛ ክፍል ገቡ፣ ሌሎቹ ለጥቂት ስላለፋቸው መዋዕለ ሕፃናት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 እንደታተመው ውጤት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ አንደኛ ክፍል የገቡት ትኩረትና ራስን መግታት በሚጠይቅ ሥራ ይበልጥ ተሻሽለው ተገኙ፤ ትኩረትን በሚያግዘው የቀኝ አእምሮ ክፍላቸውም ለውጥ ታየ። በዕድሜ የሚበልጡት በጥቂቱ ብቻ ስለነበር ለውጡን ያመጣው ትምህርት ቤቱ ነው። መስከረም ላይ የሚቁነጠነጥ ልጅ «አይቀመጥም» ተብሎ የሚጣል ሳይሆን መቀመጥን ሊማር የመጣ ነው።

ተረት የንባብ ግማሽ ነው

ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ንባብን በአንዲት ቀላል ስሌት ገለጹት፤ አንብቦ መረዳት ማለት ፊደልን ወደ ድምፅ መለወጥ ሲባዛ ቋንቋውን ሰምቶ መረዳት ነው። ምልክቱ መደመር ሳይሆን ማባዛት መሆኑን ልብ ይሏል፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። በአሜሪካ ወይም በእስራኤል የተወለደ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ተምሮ የአማርኛ ጽሑፍን ጮክ ብሎ ቢያነብና ምን እንዳነበበ ባያውቅ ምክንያቱ ይህ ነው። አገር ቤትም ልጅ በቤቱ በማይናገረው ቋንቋ ሲማር ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል።

ስለዚህ ማንበብ የማይችሉ አያት እንኳ በልጁ ንባብ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አላቸው። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብሎ የሚቀበላቸው ልጅ በዕለት ንግግር የማይሰማቸውን ቃላትና ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች ይሰበስባል፤ ነገ ገጽ ላይ ሲያገኛቸው ባዕድ አይሆኑበትም። እንቆቅልሽም፣ ቃልን እያጨበጨቡ መክፈልም ጆሮን ያሠለጥናሉ።

ወላጅ ከዚህ ሌላ በቀን አሥር ደቂቃ ቢሰጥ ይበቃል። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሙሉ ከማስጨነቅ በየቀኑ ጥቂት መለማመድ የተማሩትን ያጸናል፤ ጊዜ ተከፋፍሎ የተደገመ ነገር ይበልጥ እንደሚታወስ ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1885 ያስተዋለው ነው። ፊደላትን በትናንሽ ካርቶን ላይ ጽፎ እያደባለቁ መጠየቅ፣ ሲሳሳት ወዲያው በእርጋታ ማረም፣ ያወቃቸውን ይዞ ቃል እንዲሠራ መተው ነው። ሰኔ ላይ ካርድ ሲመጣም «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት በፊት ያላየውን አንድ አጭር ምንባብ ሰጥቶ ማስነበብ፣ ከዚያም «ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ስለ ዓመቱ ከደረጃው የበለጠ ይናገራል።