የኢንተርኔት መተግበሪያ ሠሪ ምን ይማር? በምንስ ይሥራ?



ባለጉዳይ ከመስኮት ወደ መስኮት እየዞረ ቅጽ ያስሞላና ማኅተም ያስመታ በነበረበት ስፍራ፥ ዛሬ ብዙ ጉዳይ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የሚፈጸም ሆኗል። ግብር ይታወቅበታል፤ ፓስፖርት ይጠየቅበታል፤ የባንክ ሒሳብ ይታይበታል። ይህን ሁሉ ሸክም የሚሸከመው በኢንተርኔት ላይ የሚሠራ መተግበሪያ ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ፕሮግራም አትጽፉም፤ ነገር ግን ሥራውን የምታዝዙት፥ ውሉን የምትመረምሩት፥ መተግበሪያው በተሰናከለም ጊዜ በጠረጴዛችሁ ፊት የሚቆመውን ባለጉዳይ የምታስተናግዱት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ መተግበሪያው በምን መሣሪያ እንደሚሠራ፥ ሠሪውስ ዕውቀቱን ከየት እንደሚቀስም ማወቅ ለእናንተም ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የነገሩን ትርጉም እንለይ። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ የድሩን ሐሳብ በ1989 ሴርን በተባለው የምርምር ተቋም ባቀረበ ጊዜ፥ የታሰበው ጽሑፍ ከጽሑፍ ጋር የሚያያዝበት መንገድ ነበር። የጥንቱ ድረ ገጽ በመዝገብ ቤት በኩል እንደሚመላለስ ደብዳቤ ነው፤ ጥያቄ ባቀረባችሁ ቍጥር ጥያቄው ሩቅ ወዳለው ኮምፒዩተር ይሄዳል፤ መልሱም ሙሉ ገጽ ሆኖ እንደ ገና ይመጣል። በቅጹ ላይ አንዲት ቍጥር ብትሳሳቱ፥ ስሕተቱ የሚነገራችሁ ደብዳቤው ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ነው። የዛሬው መተግበሪያ ግን አጠገባችሁ እንደ ተቀመጠ ትጉህ ጸሐፊ ነው፤ እየጻፋችሁ ሳለ ያርማል፤ ሒሳቡን ወዲያው ይደምራል፤ ከሩቁ ኮምፒዩተርም የሚያስፈልገውን ጥቂት ነገር ብቻ በጸጥታ ያስመጣል። እንዲህ ያለውን ሥራ በ2002 «የበለጸገ የኢንተርኔት መተግበሪያ» ብሎ የሰየመው ማክሮሚዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር።

ስሙን ያወጣው ኩባንያ መሣሪያውንም ይሸጥ ነበር። መሣሪያው ፍላሽ ይባላል። ፍላሽ በመጀመሪያ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ማሳያ ነበረ፤ በኋላ ግን ቅጽ፥ ሠንጠረዥና ፊልም ሁሉ የሚሠራበት ሆነ። በ2004 ለመተግበሪያ ሠሪዎች ፍሌክስ የተባለ ሌላ መሣሪያ ተጨመረለት፤ በ2005 ደግሞ አዶቢ የተባለው ኩባንያ ማክሮሚዲያን ገዝቶ ጠቀለለው። ማይክሮሶፍትም ሳይዘገይ በ2007 ሲልቨርላይት የተባለውን ተፎካካሪ አወጣ። በዚያን ጊዜ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ምክንያቱም ከአንዱ ብራውዘር ወደ ሌላው ሲሄዱ ገጹ መልኩን ይለውጥባቸው ነበርና። በፍላሽ የተሠራው ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። የትምህርቱም ምንጭ ከዚያው ከባለቤቱ እጅ ነበር፤ መመሪያውን የሚያሳትመው፥ ምሳሌውን የሚያወጣው፥ የብቃት ፈተናውንም የሚያዘጋጀው ኩባንያው ራሱ ነበር።

ነገር ግን የመሣሪያው ደካማ ጎን ከዚሁ ከጥንካሬው ጋር አብሮ የተሠራ ነበር። ፍላሽም ሲልቨርላይትም የብራውዘሩ አካል አልነበሩም፤ ተጠቃሚው ለብቻ የሚጭናቸው ተቀጥላዎች ነበሩ። ተቀጥላውን የሚያድሰው፥ ቀዳዳውን የሚደፍነው፥ ዕድሜውንም የሚወስነው አንድ ባለቤት ብቻ ነው። የፍላሽ ቀዳዳዎች በተደጋጋሚ የአጥቂዎች መግቢያ ሆኑ። በ2007 የወጣው አይፎን ፍላሽን አልተቀበለም፤ በሚያዝያ 2010 ስቲቭ ጆብስ ምክንያቱን በግልጽ ደብዳቤ አስታወቀ፤ ይኸውም ባትሪ ይጨርሳል፥ ለጥቃት ይጋለጣል፥ የአንድ ኩባንያ ንብረት ነው የሚል ነበር። በሐምሌ 2017 አዶቢ ራሱ ፍላሽን በ2020 መጨረሻ እንደሚያቆም አሳወቀ፤ በጥር 12 ቀን 2021ም በፍላሽ የተሠራ ነገር ሁሉ እንዳይከፈት አገደ። ሲልቨርላይትም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ድጋፉ ተቋረጠ።

ይህ ነገር ለመሥሪያ ቤት ምን ማለት እንደ ሆነ የደቡብ አፍሪካ የግብር አስተዳደር ታሪክ ያስረዳል። መሥሪያ ቤቱ ግብር ከፋዩ በኢንተርኔት የሚሞላቸውን ቅጾች በፍላሽ አሠርቶ ኖሮ፥ የመዘጊያው ቀን ሲደርስ ሁሉንም ወደ አዲሱ አሠራር አዛውሮ አልጨረሰም ነበር። ስለዚህ በጥር 2021 ፍላሽ የሚሠራበት የራሱን ብራውዘር አዘጋጅቶ ለግብር ከፋዮች ለማቅረብ ተገደደ። አንባቢዎች ሆይ፤ እዚህ ላይ አስተውሉ። ማስታወቂያው ከሦስት ዓመት በላይ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። ቅጾቹም አልተበላሹም፤ ሕጉም አልተለወጠም፤ ሥር የነበረው መሣሪያ ብቻ ዕድሜው አለቀ። በሸክላ ላይ የተቀረጸ ዘፈን ይዞ የሸክላ ማጫወቻው እንደ ጠፋበት ሰው መሆን ይህ ነው።

ታዲያ ፍላሽን የተካው ምንድን ነው? ድሩ ራሱ ነው። ብሬንዳን አይክ የተባለው ባለሙያ በ1995 ኔትስኬፕ ለተባለው ብራውዘር ጃቫስክሪፕት የተባለውን ቋንቋ በ10 ቀን ውስጥ እንደ ጻፈው ይታወቃል። ይህ ቋንቋ ለብዙ ጊዜ የተናቀ ነበር። ሆኖም በ1999 ማይክሮሶፍት ገጹን ሳያድሱ መረጃ ብቻ ለማስመጣት የሚያስችል ዘዴ በብራውዘሩ ውስጥ አስገባ። በ2004 ጂሜይል፥ በ2005 የጉግል ካርታ በዚህ መንገድ ተሠርተው ሲወጡ፥ ያለ ተቀጥላ ይህን ያህል መሥራት እንደሚቻል ዓለም አየ። በዚያው በ2005 ጄሲ ጄምስ ጋሬት ለዘዴው ኤጃክስ የሚል ስም አወጣለት። በ2014 ደግሞ ኤችቲኤምኤል 5 የተባለው ደንብ በይፋ ጸደቀ፤ ፊልም ማሳየት፥ ድምፅ ማሰማትና ሥዕል መሣል የብራውዘሩ የራሱ ሥራ ሆኑ። እነዚህን ደንቦች አንድ ኩባንያ ብቻውን አይወስናቸውም፤ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩት አፕል፥ ጉግል፥ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ ተቀምጠው ይመክሩባቸዋል። አባቶች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ለዚህ ድርም ይስማማል።

ዛሬ ሙያውን የሚጀምር ሰው ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ መማር አለበት። አንደኛው ኤችቲኤምኤል ነው፤ የገጹን አካል ያቆማል። ሁለተኛው ሲኤስኤስ ነው፤ መልኩንና አቀማመጡን ያሳምራል። ሦስተኛው ጃቫስክሪፕት ነው፤ ሥራውን ያንቀሳቅሳል። ከእነዚህ በላይ ሥራን የሚያቃልሉ መሣሪያዎች አሉ፤ በ2013 ፌስቡክ ያወጣው ሪአክት፥ በ2014 ኢቫን ዩ ያወጣው ቪው፥ ጉግል የሚያዘጋጀው አንጉላር ይገኙባቸዋል። ማይክሮሶፍት በ2012 ያወጣው ታይፕስክሪፕት ደግሞ የጃቫስክሪፕትን ስሕተት ፕሮግራሙ ከመሥራቱ በፊት ይገልጣል፤ ይህም ደብዳቤ ወጪ ከመሆኑ በፊት እንደሚያነበው አራሚ መሆኑ ነው። መጻፊያውም በነጻ ይገኛል፤ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የተባለው በ2015 የወጣ ነው። በየብራውዘሩም ውስጥ የመመርመሪያ ክፍል አለ፤ የትኛው ፋይል እንደ ከበደ፥ የትኛው መሥመር እንደ ተሰናከለ እዚያው ያሳያል።

ከአዲሶቹ ዘዴዎች አንዱ በተለይ ለአገራችን ሁኔታ ይጠቅማል። ሰርቪስ ወርከር የተባለው ዘዴ፥ ኢንተርኔት ሲቋረጥ መተግበሪያው እንዳይዘጋ የሚያስፈልገውን ነገር በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ውስጥ ያኖራል። በደንብ የተሠራ ቅጽ መስመር በተቋረጠ ጊዜ የተሞላውን ጠብቆ፥ መስመሩ ሲመለስ ሊልክ ይችላል። በወረዳ ያለ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ድካሙ በአንድ ቅጽበት እንዳይጠፋበት የሚያደርገው ይህን የመሰለው ጥንቃቄ ነው።

የትምህርቱ ምንጭ ደግሞ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ሰፊ ነው፤ አብዛኛውም ያለ ዋጋ ይገኛል። ሞዚላ በ2005 የጀመረውና ዛሬ ኤምዲኤን የሚባለው መዝገብ የእያንዳንዱን ትእዛዝ ትርጉም ከነምሳሌው ይዟል፤ ለሙያተኛው እንደ መዝገበ ቃላት ነው። በ2014 የተመሠረተው ፍሪኮድካምፕ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ያስተምራል፤ የምስክር ወረቀትም ይሰጣል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲኤስ50 የተባለውን የመግቢያ ትምህርቱን ለማንም ሰው ከፍቶታል። የኢንተርኔት ዋጋ ለሚከብደው ተማሪ፥ ዴቭዶክስ የተባለው ስብስብ መመሪያዎቹን አስቀድሞ አውርዶ ያለ መስመር ለማንበብ ያስችላል። በአገራችንም በሐምሌ 2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ተጀምሯል። ከእነዚህ ምንጮች ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለ ሆኑ፥ ቋንቋውን ማጥናት የሙያው አንድ ክፍል ነው።

ይሁን እንጂ የምንጭ ብዛት ብቻ አያስተምርም። ብዙ ወጣት ፊደል ሳይቈጥር ዳዊት ለመድገም እንደሚቸኵል ተማሪ፥ ጃቫስክሪፕትን ሳያውቅ ወደ ሪአክት ይሮጣል። መሣሪያው ሲለወጥም ባዶ እጁን ይቀራል። በፍላሽ ዘመን ቅጽ እንዴት እንደሚታሰብ፥ መረጃ እንዴት እንደሚጠበቅ፥ ፕሮግራም እንዴት እንደሚዋቀር የተማረ ሰው ዕውቀቱን ይዞ ወደ አዲሱ ተሻገረ፤ የፍላሽን ቍልፎች ብቻ የሸመደደው ግን እንደ ገና ከሀ ሁ ጀመረ። ከ2021 ወዲህ የመጡት፥ ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶችም በዚሁ ሚዛን የሚመዘኑ ናቸው። ለሚያውቅ ሰው ጊዜ ይቈጥባሉ፤ ስሕተትንም በሙሉ ልብ ይጽፋሉና፥ የጻፉትን መርምሮ ማረም ለማይችል ሰው ግን አደገኛ ናቸው።

ከራሳችን ፊደልና ዘመን አቆጣጠር የሚመጣም ጉዳይ አለ። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ፥ ዛሬ በማንኛውም ብራውዘር አማርኛ መጻፍ ይቻላል። ጃቫስክሪፕትም ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለውጦ ማሳየት ያውቃል። ነገር ግን በኤችቲኤምኤል ቀን የሚሞላበት የተለመደው ሣጥን የሚመዘግበው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። መተግበሪያ ሠሪው ይህን ካላስተዋለ፥ ባለጉዳዩ የልደቱን ቀን እንደ ለመደው ቢሞላ ዕድሜው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይበልጣል፤ ጳጉሜን የተወለደውም ቀኑን የሚጽፍበት ስፍራ ያጣል። የጡረታ ጊዜና የትምህርት መግቢያ ዕድሜ በዚህ ላይ የሚቈጠሩ ስለ ሆኑ፥ ነገሩ ቀላል ስሕተት አይደለም።

እንግዲህ የዚህ ዓይነት ሥራ ለማሠራት ውል በፊታችሁ ሲቀርብ፥ ሠሪውን አራት ጥያቄዎች ጠይቁት። አንደኛ፥ መተግበሪያው ያለ ልዩ ተቀጥላ በማንኛውም ብራውዘር ይሠራልን? ሁለተኛ፥ የተሠራበት መሣሪያ ቢቋረጥ መረጃውን ወደ ሌላ ማዛወር ይቻላልን? ሦስተኛ፥ ኮዱና የአሠራሩ መግለጫ ለመሥሪያ ቤቱ ይሰጣልን? አራተኛ፥ አማርኛውና የኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር ተፈትነዋልን? ፕሮግራም መጻፍ የማያውቅ ሰው እነዚህን ለመጠየቅ አያፍርም፤ ቤት የሚያሠራ ሰው ግንበኛ ባይሆንም መሠረቱ ስንት ክንድ እንደ ተቈፈረ ይጠይቃልና። ሠሪውም በሚገባ የተማረ እንደ ሆነ ጥያቄውን ይወደዋል፤ የሚመልሰውንም አያጣም።