የሥራ አለቃና የሰው መሪ

በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው የገበዙንና የመሪጌታውን አገልግሎት ለይቶ ያውቃል። ገበዙ ጧፉና ዕጣኑ እንዳይጓደል፣ ንዋየ ቅድሳቱም እንዳይጠፋ የሚጠነቀቅ ነው። መሪጌታው ግን መቋሚያውን ይዞ በማኅሌቱ መካከል ይቆማል፤ ዜማውን እርሱ ሲያነሣ ሌላው ይቀበለዋል። ራሱ ዝም ብሎ ሌሎቹን አዚሙ የሚል መሪጌታ አይገኝም።

በመሥሪያ ቤት እነዚህ ሁለት ተግባሮች በአንድ አለቃ ትከሻ ላይ ስለሚወድቁ ልዩነታቸው ይዘነጋል። ማስተዳደር ሥራን ማከፋፈል፣ ገንዘብንና ጊዜን መመጠን፣ ሒሳብን መቆጣጠር ነው። መምራት ደግሞ ሠራተኛው ሥራውን እንደ ራሱ ጉዳይ አድርጎ እንዲይዘው ማድረግ ነው። የሰዓት ፊርማ ሠራተኛውን በጥዋት ከቢሮ ያደርሰው ይሆናል፤ ዳሩ ግን ኮቱን በወንበሩ ላይ ሰቅሎ የሚወጣውን ሰው መዝገብ አይመልሰውም።

ሁለቱ ሀብቶች በአንድ ሰው ተገናኝተው ለማየት የሚወድ መጽሐፈ ነህምያን ያንብብ። የፋርስ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ የነበረው ነህምያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ዓመት ገደማ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሊሠራ ሲነሣ፣ ለመንገዱ ወደ ገዥዎች የሚያሳልፍ ደብዳቤ፣ ለእንጨቱም ወደ ንጉሡ ዱር ጠባቂ የሚቀርብ ትእዛዝ አስቀድሞ አስጽፎ ነበር። ኢየሩሳሌም ገብቶ ሦስት ቀን ከሰነበተ በኋላ በሌሊት ተነሥቶ፣ ሐሳቡን ለማንም ሳይገልጥ፣ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ ተመለከተ። ይህ ሁሉ የመልካም አስተዳዳሪ ሥራ ነው። ሕዝቡን በሰበሰበ ጊዜ ግን ሥሩ ብሎ አላዘዘም፤ ራሱን ከእነርሱ ጋራ ቆጥሮ እንሥራ አላቸው እንጂ። ብዙዎቹንም በየቤታቸው አንጻር ያለውን ቅጥር እንዲጠግኑ አሰለፋቸው፤ የገዛ ቤቱን የሚጠብቅ ግንብ አሳስቶ የሚሠራ ማን ነው? ጠላት በዛተባቸው ጊዜም እርሱና ብላቴኖቹ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ከሠራተኛው ጋራ አደሩ። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ።

በእኛ አስተያየት ግን የነህምያ መሪነት ከሁሉ ይልቅ የተፈተነው በድሆቹ ጩኸት ነው። ሠራተኞቹ እርሻቸውን በመያዣ ሰጥተው፣ ልጆቻቸውንም ለባርነት አሳልፈው እንደ ነበር በሥራው መካከል ነገሩት። ሥራን ብቻ የሚያይ አለቃ ቢሆን፣ ይህ የቤታችሁ ጉዳይ ነው ብሎ ባሰናበታቸው ነበር። እርሱ ግን ባለጸጎቹን ሰብስቦ ገሠጸ፤ እርሱና ወንድሞቹ ያበደሩትን ጨምሮ ዕዳው እንዲቀርና የተያዘው እርሻ እንዲመለስ አደረገ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ገዥዎች ከሕዝቡ እንጀራና ወይን፣ ደግሞም 40 ሰቅል ብር ይወስዱ ነበር፤ እርሱ ግን 12 ዓመት ሲገዛ የገዥነቱን ቀለብ አልበላም። የቤትና የመሥሪያ ቤት ኑሮ በመካከላቸው ግድግዳ የለም፤ አባት በሥራው የተዋረደ እንደ ሆነ የማታውን ቁጣ የሚቀበሉት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው።

መምራትም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ሊቀ ነቢያት ሙሴ ሕዝቡን ከግብጽ ያወጣ መሪ ሲሆን፣ ብቻውን ሲፈርድ ባለ ጉዳዩ ከጥዋት እስከ ማታ ቆሞ ይውል ነበር። አማቱ ዮቶር ይህን አይቶ ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ አምሳ አለቃና አሥር አለቃ እንዲሾም መከረው፤ እነዚህ ስሞች በሠራዊታችን ዛሬም የማዕርግ መጠሪያ ናቸው። ደግ አለቃ እንኳ፣ ጉዳይ ሁሉ በእኔ እጅ ይለፍ ሲል፣ ሳያስበው ሰውን ደጅ ያስጠናል።

ስለ ቴቁሔ ሰዎች የተጻፈውም ሳይነሣ ሊቀር አይገባውም። ታላላቆቻቸው ለሥራው አንገታቸውን ለማጎንበስ እምቢ አሉ። ተራው ሰው ግን የራሱን ድርሻ ከጠገነ በኋላ ሌላ ክፍል ጨምሮ ሠራ። ነህምያም የታላላቆቹን እምቢታና የተራውን ሰው ትርፍ ድካም፣ ሁለቱንም በየስፍራው በመዝገቡ አስፍሮታል።