ከውሃው ማዶ የቀሩ መቃብሮች፦ የፎንታና ግድብና ያልተሠራው መንገድ

በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ፣ በታላቁ ስሞኪ ተራሮች ግርጌ፣ ከሁለት ደርዘን የሚበልጡ የገጠር መቃብሮች ሰው በማይኖርበት ደን ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ። ከእነዚህ መቃብሮች አንዱን መጎብኘት የፈለገ ቤተ ዘመድ መጀመሪያ በጀልባ ሐይቅ መሻገር አለበት። ከዚያ የብሔራዊ ፓርኩ መኪና በአሮጌ ጥርጊያ መንገድ ይወስደዋል፤ የቀረውን ዳገት በእግሩ ይወጣል። የሚሄዱት ብዙዎቹ አዛውንቶች ናቸው። መንገድ እንደሚሠራላቸው ቃል የተገባው እ.ኤ.አ. በ1943 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ጉዳዩ በሕግ ፊት የተዘጋው በ2018 ነው። በሕግ መዘጋቱና ለባለ ሙታኑ መልስ መሰጠቱ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ይህን ለመረዳት ከግድቡ መነሻ መጀመር ያስፈልጋል።

የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን፣ በ1933 የተቋቋመ የፌዴራል መንግሥት ድርጅት ነው። ሥራው በድህነት የታወቀውን የቴነሲ ወንዝ ተፋሰስ በግድብ፣ በመብራትና በጎርፍ መከላከያ መለወጥ ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው የኖሪስ ግድብ ሲሆን፣ ለእርሱ ሲባል ከ2,800 በላይ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነሥተዋል፤ 5,226 መቃብሮችም ፈልሰዋል። ከተነሡት ቤተሰቦች ይልቅ የፈለሱት መቃብሮች በቁጥር መብለጣቸው አያስገርምም። በዚያ ተራራማ አገር እያንዳንዱ ጎጥ፣ አንዳንዴም እያንዳንዱ ቤተሰብ፣ በኮረብታ ራስ ላይ የራሱ መቃብር ነበረው።

ባለሥልጣኑ በዚህ ሥራ ላይ ሥርዓት አበጅቶ ነበር። ሠራተኞቹ መቃብሮቹን እየዞሩ ይመዘግባሉ፣ በካርታ ላይ ያሰፍራሉ፣ የሟቹን የቅርብ ዘመድ ፈልገው ፈቃዱን ይጠይቃሉ። ዘመዱ አጽሙ ይፍለስ ካለ በመንግሥት ወጪ ወደ ሌላ መቃብር ይዛወራል፤ አይነካ ካለም በቦታው ይተዋል። በአሮጌ መቃብር ውስጥ ከሳጥን ሚስማርና ከጠቆረ አፈር በቀር የሚገኝ ነገር ብዙም አልነበረም። ቢሆንም ያ አፈር በክብር ተነሥቶ በክብር ይቀበር ነበር። በዚህ ረገድ ባለሥልጣኑ ሊመሰገን ይገባዋል። በብዙ አገር የተሠሩ ግድቦች ይህን ያህል እንኳ አላደረጉም።

ፎንታና ግን ከኖሪስ የተለየ ነው፤ የተሠራው በጦርነት መሐል ነውና። ጃፓን ፐርል ሃርበርን በታኅሣሥ 1941 በመታች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በሊትል ቴነሲ ወንዝ ላይ ቁፋሮው ተጀመረ። የጦር አውሮፕላን አሉሚኒየም ይፈልጋል፣ አሉሚኒየም ደግሞ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ሠራተኛው በሦስት ፈረቃ፣ ሌት ተቀን፣ ሰንበት ሳይቀር ሠራ። 146 ሜትር የሚረዝመው፣ ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ካሉት የአሜሪካ ግድቦች ሁሉ ረጅሙ፣ በኅዳር 1944 በሩን ዘግቶ ውሃ መያዝ ጀመረ። ለዚህ ሥራ 1,311 ቤተሰቦች ተነሡ፣ 1,047 መቃብሮች ፈለሱ፤ ጀድሰን፣ ቡሽኔል፣ ፎርኒና አሮጌው የፎንታና ከተማ ሙሉ በሙሉ በውሃ ተዋጡ።

እስካሁን ያለው ታሪክ በየትኛውም ግድብ የሚሰማ ነው። ውዝግቡን ከሰባ ዓመት በላይ ያቆየው ግን ውሃው የሸፈነው መሬት ሳይሆን ያልሸፈነው ነው።

ከሐይቁ በስተሰሜን፣ በውሃውና በብሔራዊ ፓርኩ መካከል፣ 44,000 ኤከር ወይም ወደ 18,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ደረቅ ሆኖ ቀረ። ሄዝል ክሪክን የመሳሰሉ፣ ወፍጮ፣ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን የነበራቸው ሸለቆዎች እዚያ ነበሩ። በዚህ መሬት ላይ 216 ያህል ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር። ቤታቸውን ውሃ አልነካውም። ነገር ግን ወደ ውጭ የሚያወጣቸው ብቸኛ አመቺ መንገድ፣ የግዛቱ አውራ ጎዳና ቁጥር 288፣ አብዛኛው በሐይቁ ውስጥ ሰጠመ። ምትክ መንገድ ለመሥራት ወደ 1.4 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ላይ በጦርነት ጊዜ ብረት፣ ማሽንና የሰው ጉልበት አይገኝም። ስለዚህ መንገዱን ከመሥራት መሬቱን በሙሉ ገዝቶ ሰውን ማንሣት ረከሰ። እነዚያ ሰዎች ከመሬታቸው የተነሡት በውሃ ሳይሆን በወጪ ሒሳብ ነው ማለት ነው።

ሐምሌ 30 ቀን 1943 አራት ወገኖች ስምምነት ፈረሙ፦ የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን፣ የፌዴራሉ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የሰሜን ካሮላይና ግዛትና የአካባቢው አስተዳደር የሆነው የስዌን ካውንቲ። መሬቱ ወደ ታላቁ ስሞኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይዛወራል፤ በምትኩ የፌዴራል መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ በሰሜኑ ዳርቻ አዲስ መንገድ ይሠራል። በውሉ ውስጥ ግን አንዲት ሐረግ ነበረች፦ መንገዱ የሚሠራው ኮንግረስ ገንዘብ ሲፈቅድ ነው። ተነሺዎቹ በቃል የሰሙት ‹መንገዱ ይመጣል፣ መቃብራችሁን ትጎበኛላችሁ› የሚል ነበር። በዚህ ተማምነው አጽም ሳያፈልሱ የሄዱ ብዙ ናቸው። አባትህን በመንገድ ልትደርስበት የምትችል ከሆነ፣ ከተኛበት ለምን ትቀሰቅሰዋለህ?

ጥቂት ባለ መሬቶች አሻፈረኝ ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ክርክራቸው ቀላል ነበር፦ መሬታችንን ውሃ አይሸፍነውም፤ ለግድቡ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ሊወሰድብን አይገባም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ተቀበላቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1946 ፍርዱን ሻረው። ዳኛ ሁጎ ብላክ በጻፉት ውሳኔ፣ ባለሥልጣኑ ከግድቡ የመጣውን የመንገድ ችግር ለመፍታት መሬቱን የመውሰድ ሥልጣን አለው ተባለ። ስለ መሬቱ ባለቤትነት የነበረው ጥያቄ በዚህ አበቃ፤ ስለ መቃብሮቹ የነበረው ግን ገና መጀመሩ ነበር።

ለምን ይህን ያህል ከበደ የሚለውን ለመረዳት የዚያን አገር ልማድ ማወቅ ይገባል። በአፓላችያ ተራሮች ገጠር ‹ዲኮሬሽን ዴይ› የሚባል፣ መቃብር የሚጸዳበትና የሚያጌጥበት ዓመታዊ ቀን አለ። ከግንቦት ጀምሮ ባሉት የበጋ ሰንበቶች እያንዳንዱ መቃብር የየራሱ ቀን አለው። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ሣሩ ይነቀላል፣ መቃብሩ ንጹሕ አፈር ለብሶ እንደ ጉብታ ይከመራል። በዕለቱ አበባ ይደረደራል፤ ድሮ ከቀጭን ወረቀት በእጅ የሚሠራ አበባ ነበር። ይዘመራል፣ ይሰበካል፣ ይጸለያል፤ ከዚያ ምግብ ተዘርግቶ ወዳጅ ዘመድ አብሮ ይበላል። ልጆች አያታቸው ማን እንደሆነ፣ ከማን ጎን እንደተቀበረ የሚማሩት እዚያ ነው። ሙት ዓመት ለሚያወጣና ለሟች ለሚዘክር ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ልዩነቱ የእነርሱ ዝክር ከመቃብሩ ቦታ የማይነጠል መሆኑ ነው። መቃብሩ ጋ ካልተደረሰ ዕለቱ የለም። ስለዚህ መንገዱ መቅረቱ ሥርዓቱን ራሱን አቋረጠው።

ጦርነቱ አበቃ፣ መንገዱ ግን አልመጣም። ከፎንታና ግድብ በኩል አጭር ቁራጭ ተሠራ፤ ከብራይሰን ከተማ በኩል ደግሞ ግዛቱና የፌዴራሉ የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት በየተራ ጥቂት ጥቂት ቀጠሉበት። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከ12 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ መንገድና ከ300 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ዋሻ ተሠርቶ ሥራው ቆመ። የቀረበው ምክንያት ወጪና የድንጋዩ ጠባይ ነበር። በዚያ ተራራ ውስጥ አናኪስታ የሚባል፣ ድኝ ያዘለ ድንጋይ አለ፤ ተቆርጦ አየርና ዝናብ ሲያገኘው አሲድ እያመነጨ ወደ ጅረቶቹ ይወርዳል፣ ዓሣውንም ይፈጃል። ምክንያቱ እውነት ነው። በቦታው ያለ ሰው ዛሬ የሚያየው ግን ዋሻ አልፎ ጫካ ውስጥ የሚቆም አስፋልት ነው፤ የአገሩ ሰው ‹ወደ የትም የማይሄድ መንገድ› ይለዋል። በመግቢያው ላይ የአካባቢው ሰው የተከለው ሰሌዳ ‹የተሰበረ ቃል› ይላል፤ ከ1943 ጀምሮ ብሎ መጨረሻውን በጥያቄ ምልክት ትቶታል።

በ1978 ተነሺዎቹና ልጆቻቸው የሰሜን ዳርቻ የመቃብር ማኅበርን አቋቋሙ። የፓርኩን አስተዳደር ጠይቀው፣ ተሟግተው፣ በተወሰኑ የበጋ ሰንበቶች በጀልባ እንዲሻገሩ አደረጉ። ሣር የዋጣቸውን መቃብሮች አንድ በአንድ አገኙ፣ ስም መዘገቡ፣ የተቋረጠውን ቀን መለሱ። በእኔ እምነት በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። የመንግሥት በጀት ሳይጠብቁ፣ ሰላሳ ዓመት ከሞላው መለየት በኋላ፣ ሙታናቸውን እንደገና ከሕያዋን መሐል ያስገቡት እነርሱ ናቸው። ቀደም ሲል በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአሜሪካ ፎክላይፍ ማዕከልን የመሩት አለን ጃቡር ይህን ልማድ አጥንተው፣ ፎቶግራፍ ከምታነሣው ባለቤታቸው ከካረን ሲንገር ጃቡር ጋር በ2010 መጽሐፍ አሳትመዋል። የጥናቱ መነሻ ራሱ የመንገዱ ክርክር ነበር።

ክርክሩ እንደገና የተቀሰቀሰው ኮንግረስ በ2000 መንገዱን ለመቀጠል 16 ሚሊዮን ዶላር ሲመድብ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ተጀመረ፤ ሙሉው መንገድ ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስወጣ ተገመተ። የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች በምሥራቅ አሜሪካ ተራሮች ካሉት መንገድ ያልገባባቸው ሰፋፊ ደኖች አንዱ ይከፈላል ብለው ተቃወሙ። በካውንቲው ውስጥም ሕዝቡ ተከፈለ፦ ገሚሱ መንገዱ ይሠራ፣ ገሚሱ በመንገዱ ፈንታ ገንዘብ ይሰጠን አለ። ስዌን ካውንቲ ከመሬቱ ከአምስት እጅ አራቱ በላይ የፌዴራል መንግሥት ይዞታ የሆነበት፣ ግብር የሚሰበስብበት መሬት ያነሰው ካውንቲ ነው። በውሃ ስር ለቀረው መንገድ የተበደረውንም ለዓመታት ሲከፍል ኖሯል። ገንዘቡን መፈለጉ የሚያስወቅሰው አይደለም።

በ2007 መጨረሻ የፓርክ አገልግሎቱ መንገዱ እንዳይሠራና ካሳ እንዲከፈል ወሰነ። በ2010 የ52 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈረመ፤ 12.8 ሚሊዮኑ ያኔ ተከፈለ። የቀረው ሲዘገይ ካውንቲው በ2016 የፌዴራል መንግሥትን ከሰሰ፤ የመጨረሻው 35.2 ሚሊዮን የተላለፈው በ2018 ነው። ገንዘቡ በአደራ ተቀምጦ ካውንቲው ወለዱን ይጠቀምበታል።

ደኑ ሳይቆረጥ መቅረቱን እደግፋለሁ። በ2007 ከነበሩት አማራጮች መካከል መንገዱን መተው ትክክል ነበር። ሆኖም ካሳው የተከፈለው ለካውንቲው ነው፤ የካውንቲው ዕዳና የአንድ ሰው የአባቱን መቃብር የመድረስ መብት በአንድ ቼክ ተጠቃልለው አብረው ተዘጉ። ጀልባው ዛሬም በበጋ ይሻገራል፣ ይህም በጎ ነው፤ ግን የፓርኩ አገልግሎት ሆኖ ነው እንጂ ተነሺው ሊያስከብረው የሚችለው መብት ሆኖ አይደለም።

በዚያው በሊትል ቴነሲ ወንዝ ላይ ዝቅ ብሎ የተሠራው የቴሊኮ ግድብ ደግሞ ሌላ ገጽ አለው። በ1979 ውሃ ሲይዝ ቾታን ጨምሮ የቼሮኪ ሕዝብ ጥንታዊ ከተሞችና መቃብሮች ሰጠሙ። ቼሮኪዎች የአያቶቻችን ማረፊያ የእምነታችን ስፍራ ነው ብለው ከሰሱ፤ በ1980 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። ለነጮቹ ገበሬዎች የቅርብ ዘመድ ተፈልጎ ፈቃድ ተጠይቋል፤ የቼሮኪ አጽም ግን በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ተነሥቶ ዓመታት ቆይቶ ነው የተቀበረው። ባለሥልጣኑ በኖሪስ ያሳየው ክብር ለሁሉም እኩል አልደረሰም።

ይህ ታሪክ ለእኛም የሚቀርብበት መንገድ አለ። ከቆቃ እስከ ሕዳሴ ግድብ በአገራችንም በውሃ ምክንያት ከቀዬው የተነሣ ሕዝብ አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ያወጣው፣ በኋላ በሌላ የተተካው የካሳ ደንብ ቁጥር 135 ስለ መቃብር ለብቻው አንቀጽ ነበረው፦ ሐውልት ለማንሣት፣ ሌላ የመቃብር ቦታ ለማዘጋጀት፣ አጽም ለማዛወርና ለሃይማኖታዊና ባህላዊ ሥርዓቱ የሚወጣው ወጪ ተሰልቶ እንዲከፈል ያዛል። ለሥርዓቱ ወጪ ማሰቡ መልካም ነው። ነገር ግን አንቀጹ የሚያስበው የሚነሣን መቃብር ነው። ውሃው የማይደርስበት፣ ሰዉ ግን የተነሣበት ኮረብታ ላይ ያለ መቃብር በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም።

የግድብ ጥናት የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ የካሳ ኮሚቴ አባላትና የተነሺ ተወካዮች፦ መቃብር ስትመዘግቡ በውሃው ጠርዝ ላይ አትቁሙ። ከጠርዙ በላይ ያለውንም ቁጠሩ፤ ቤተ ዘመድ የሚደርስበትን መንገድ ወይም ጀልባ፣ ማን እንደሚያቀርበውና በየትኛው በጀት እንደሚሠራ፣ የግድቡ በር ከመዘጋቱ በፊት በሕግ አጽፉ።